ሺህ ላይክ፣ ሦስት ነጠላ፦ ባሕር ዳር ላይ ለተማሪ ሻጭ የሚቀርቡ የማስታወቂያ አገልግሎቶች ሲመዘኑ

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳም ሆነ ፖሊ ግቢ ውስጥ ምንም ነገር የማይሸጥበት ዶርም ማግኘት ይከብዳል። ነጠላ፣ ሽቶ፣ ጫማ፣ የስልክ ከቨር፣ የዘጌ ቡና፣ ለምርቃት የሚሰፋ የሐበሻ ቀሚስ። መነሻው ጥቂት ሺህ ብር ነው፤ የሱቅ ኪራይ የማይታሰብ ስለሆነ ሱቁ ስልክ ላይ ይከፈታል። ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርትም ተስፋውን ያጠነክረዋል፦ ማኅበራዊ ሚዲያ ርካሽ ነው፣ ውጤቱ ይለካል፣ ገዢን መርጦ ይደርሳል። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ "ሰው ላይክ ያደርጋል እንጂ አይገዛም" ተብሎ ፔጁ ይረሳል።

ተማሪው ያየው ነገር እውነት ነው። የሚሰጠው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። "ሰዉ ብር የለውም"፣ "አልጎሪዝሙ አያሳየንም" ይባላል። በገንዘብ የሚገዛው አገልግሎት ግን መታየትን ብቻ ያቀርባል፤ አምስት ነጠላ ይዞ ለተቀመጠ ተማሪ የሚያስፈልገው በባጃጅ የሚደረስ፣ ዛሬ ወይም ነገ የሚከፍል ሰው ነው። ከተማው ውስጥ በብዛት የሚቀርቡት ሦስቱ አገልግሎቶች፣ ማለትም በወኪል የሚደረግ የፌስቡክ ቡስት (ፖስት ለብዙ ሰው እንዲታይ ለፌስቡክ መክፈል)፣ ትልልቅ የቴሌግራም ቻናሎች ላይ የሚለጠፍ ፕሮሞሽንና የቲክቶክ ቪዲዮ፣ እዚህ የሚመዘኑት በዚህ መለኪያ ብቻ ነው።

ከቡስት እንጀምር፤ ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚያከስረው እሱ ነው።

ፌስቡክ ክፍያውን የሚቀበለው በብዛት እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ባሉ ካርዶች፣ በውጭ ምንዛሬ ነው። ተማሪ እንዲህ ያለ ካርድ ስለሌለው ብሩን ተቀብሎ በራሱ ካርድ የሚከፍል ወኪል መሃል ይገባል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ወኪሉ ደግሞ የራሱን ምንዛሬና ኮሚሽን ይጨምርበታል።

አንዲት ተማሪ ነጠላ ከሸማኔ በ1,000 ብር ተረክባ በ1,300 ትሸጣለች እንበል። "እስከ ደጃፍ አደርሳለሁ" ካለች ኮንትራት ባጃጁ 100 ብር ይወስድባታል፤ በእጇ የሚቀረው ትርፍ 200 ብር ነው። የ10 ዶላር ቡስት ወኪሉ ዶላሩን በ150 ብር ቢያስብላት 1,500 ብር፣ ከኮሚሽን 100 ብር ጋር 1,600 ይሆናል። 1,600 ለ200 ሲካፈል 8 ነው። ስምንቱን ነጠላ የምትሸጠው ለማስታወቂያው ነው፤ የራሷ ትርፍ የሚጀምረው ከዘጠነኛው ነው። እጇ ላይ ያለው አምስት ብቻ ከሆነ ደግሞ አምስቱም ተሸጦ 1,000 ብር ታተርፍና 600 ብር ትከስራለች። ይህን ሒሳብ ብር ከመላክ በፊት በወረቀት ላይ የሚሠራ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ወኪሉም አይነግረውም።

ቀጥሎ የሚበላሸው ዓላማው ነው። ቡስት ሲደረግ ፌስቡክ ምን እንደሚፈለግ ይጠይቃል፦ ተሳትፎ ነው፣ መልእክት ነው ወይስ ሌላ? ብዙ ወኪል ተሳትፎን ይመርጣል፤ ቁጥሩ ቶሎ ያድጋል፣ ደንበኛውም ደስ ይለዋል። ፌስቡክ የታዘዘውን በታማኝነት ይፈጽማል፤ ያየውን ሁሉ ላይክ የማድረግ ልማድ ያላቸውን ሰዎች ፈልጎ ማስታወቂያውን እነሱ ፊት ያስቀምጣል። ሺህ ላይክ መጥቶ ሦስት ነጠላ ብቻ የሚሸጠው በዚህ የተነሳ ነው። የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው መልእክትን ይምረጥ። ላይኩ ያንሳል፤ የሚጽፈው ሰው ግን ቢያንስ ጣቱን አንቀሳቅሶ ጠይቋል።

ቦታ አመራረጥ ላይም ገንዘብ ይፈሳል። "ኢትዮጵያ" ተብሎ ከተተወ ማስታወቂያው በብዛት የሚዞረው ተጠቃሚ በብዛት ባለበት፣ ማለትም አዲስ አበባ ላይ ነው። "ባሕር ዳር" ብሎ ከተማ መምረጥ ይሻላል፤ ሆኖም በከተማ ስም ሲመረጥ ዙሪያው ከ17 ኪሎ ሜትር በታች አይጠብም። በካርታው ላይ ነጥብ ከተተከለ ግን ከ2 ኪሎ ሜትር በታችም ማጥበብ ይቻላል። ዕቃ በእግርና በባጃጅ ለሚያደርስ ተማሪ ነጥቡን መሃል ከተማ ተክሎ 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ማድረግ ይበቃል። የክቡ ከፊል ጣና ላይ ቢያርፍ አያሳስብም፤ የሚከፈለው ማስታወቂያው ለታየው ሰው እንጂ ለተሸፈነው ቦታ አይደለም። አንድ የማይታረም ጉድለት ግን አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ታግደው በነበሩባቸው ወራት ብዙ ሰው ቪፒኤን ለመደ፤ ከዚያም በኋላ ሳያጠፋው የቀረ አለ። ቪፒኤን የከፈተ ስልክ ሌላ አገር ያለ ሊመስል ስለሚችል ባለቤቱ ቀበሌ 14 ተቀምጦም ከክቡ ውጭ ሊሆን ይችላል።

አሥሩን ዶላር ለሦስት የተለያዩ ፖስቶች መከፋፈልም የተለመደ ስህተት ነው። የፌስቡክ ሥርዓት ለማን ማሳየት እንዳለበት በደንብ እስኪለይ ድረስ በ7 ቀን ውስጥ ወደ 50 የሚጠጋ ውጤት ይፈልጋል። 10 ዶላር ለአንዱም እዚያ አያደርስም፤ ለሦስት ሲከፈል ሥርዓቱ ለአንዱም ገዢውን ሳይለይ ገንዘቡ ያልቃል። አንድ ዕቃ፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ዋጋ ይዞ በ4 ወይም በ5 ቀን ማስጨረስ የተሻለው አማራጭ ነው።

ከወኪል ጋር ስትሠሩ ሁለት ነገር ላይ አትደራደሩ። አንደኛ፣ የፔጁን ሙሉ ቁጥጥር አትስጡ። በፔጁ ቅንብር ውስጥ ለአንድ ሰው የማስታወቂያ ሥራ ብቻ የሚፈቅድ የተወሰነ ፈቃድ አለ፤ ለቡስት እሱ ይበቃል። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ፣ ወይም "ፉል አድሚን ካላደረጋችሁኝ አይሠራም" የሚል ወኪል ይቅርባችሁ፤ ፔጅ ከእጅ የሚወጣው በዚህ በር ነው። ሁለተኛ፣ በመጨረሻው ቀን የሚላከው ስክሪንሾት "ይህን ያህል ሺህ ሰው ጋ ደረሰ" የሚለው ብቻ ከሆነ አትቀበሉት። ከማስታወቂያ ማስተዳደሪያው (አድስ ማኔጀር) ላይ የወጣውን ዶላር፣ የተጀመሩትን የመልእክት ንግግሮች ብዛትና ውጤቱን በክልል ዘርዝሮ የሚያሳየውን ገጽ ጠይቁ። ይህ ዝርዝር በሁለት ደቂቃ ይወጣል። አምስት ዶላር አውጥቶ የአሥር የሚያስከፍል ወኪል የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ቡስት የሚያዋጣበት ሁኔታ አለ። ለምርቃት ወይም ለጥምቀት በትዕዛዝ የሚሰፋ ቀሚስ፣ አንዱ 1,500 ብርና ከዚያ በላይ የሚያተርፍ ከሆነ፣ ሁለት ትዕዛዝ ወጪውን ሸፍኖ ያተርፋል። የማስታወቂያው ወጪ ከሦስት ሽያጭ በላይ የሚጠይቅ ሆኖ ከተገኘ ግን ተዉት። ጊዜውም ወሳኝ ነው፤ ለጥር 11 የሚለበስ ልብስ በጥር መጀመሪያ ቢተዋወቅ ሸማኔውም ሰፊውም አይደርሱም። ኅዳር መጨረሻ ላይ መጀመር አለበት። ለነጠላ፣ ለከቨር፣ ለሽቶ ሻጭ ተማሪ ለዚህ አገልግሎት የምንሰጠው ከ5 አንድ ተኩል ነው።

የቴሌግራም ፕሮሞሽን ከቡስት በርካሽ ይጀምራል፤ ወኪልም ዶላርም አይፈልግም። ለአንድ ትልቅ ቻናል አድሚን በቴሌብር ይላካል፣ ፖስቱ ለ24 ሰዓት ይለጠፋል፣ ጨመር ሲደረግ ፒን ይደረጋል። የሚያሳስተው የአባላት ቁጥር ነው። አባል ይገዛል፤ ቪውም ይገዛል። ከመክፈል በፊት ቻናሉን ወደ ላይ እያሸበለላችሁ የቆዩትን ፖስቶች ተመልከቱ። 40,000 አባል ያለው ቻናል ላይ አንድ ቀን የሞላው ፖስት 1,200 ጊዜ ብቻ ከታየ፣ የምትከፍሉት 3 ከመቶ ለሚሆነው ነው። ቪው ከፍ ብሎም ሁሉም ፖስት ላይ ተቀራራቢ ከሆነ፣ ማለትም ቀልዱም፣ የሥራ ማስታወቂያውም፣ የሞት ዜናውም እኩል ከታየ፣ የተገዛ መሆኑን ጠርጥሩ። እውነተኛ ተመልካች ያለው ቻናል ላይ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ አንዱ ይዘለላል፣ ሌላው ይንቀለቀላል።

ደግሞ የቻናሉ ስም "ባሕር ዳር" ስላለ ብቻ አባላቱ ባሕር ዳር ናቸው ማለት አይደለም። ከተማዋን ለቀው የሄዱ ተመራቂዎች፣ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች፣ ዜና ፈልገው የገቡ የጎንደርና የደብረ ማርቆስ ሰዎች ሁሉ እዚያ አሉ። የዕቃ መሸጫ ቻናል ከሆነ ከታች ያለውን የኮመንት ክፍል አንብቡ፦ "ፔዳ በር ላይ ታደርሳላችሁ?"፣ "አባይ ማዶ ይመጣል?" የሚሉ ጥያቄዎች ካሉ ገዢው በአቅራቢያ አለ። ኮመንት የተዘጋበት የሽያጭ ቻናል ላይ ይህን ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ባይከፈልበት ይሻላል።

ቴሌግራም ከሌሎቹ በላይ የሚመሰገንበት አንድ መሣሪያ አለው፤ ብዙ ተማሪ ግን አይጠቀምበትም። ቻናላችሁ ከአንድ በላይ የመጋበዣ ሊንክ መፍጠር ይችላል፤ እያንዳንዱ ሊንክ በስንት ሰው እንደተገባበት ለብቻው ይቆጠራል። ፕሮሞሽን ለምትገዙበት ለእያንዳንዱ ቻናል የተለየ ሊንክ ስጡ፣ ስም ስጡት። 24 ሰዓቱ ሲያልቅ የገባውን ቁጥር ጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ ስንቱ እንደወጣ ተመልከቱ። ለፕሮሞሽኑ 300 ብር ከፍላችሁ 12 ሰው ገብቶ 9 ከቀረ፣ አንዱ ሰው 33 ብር ገደማ አውጥቷል። ይህ ቁጥር በእጅ ሲኖር ከአድሚን ጋር መከራከር ይቀላል፤ ሌላ ጊዜም የት እንደማይከፈል ይታወቃል። ለመለካት ስለሚያመችና ወጪው ትንሽ ስለሆነ ከ5 ሁለት ተኩል ይገባዋል።

ቲክቶክ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜና ዳታ ግን ይበላል። በተለመደው የስልክ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል፤ በቀን ጥቅል የሚኖር ተማሪ ይህን ሦስት ጊዜ ሲያነሣና ሲጭን ወጪው ይሰማዋል። ቪው የሚቆጠረው ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ስለሆነ፣ አውራ ጣቱን ሳያቆም ያለፈውም ይቆጠራል። ተመልካቹ ደግሞ ከየትም ነው፤ "ዱባይ ትልካላችሁ?" የሚለው ጥያቄ ልብ ያሞቃል እንጂ አምስት ነጠላ ለያዘ ሻጭ ሽያጭ አይሆንም። ወደ ሌላ ከተማ በአውቶብስ መላክም መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይስተጓጎላል፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ደግሞ መንገዱን ሳይሆን ሻጩን ይወቅሳል። ተከታይ ላለው ሰው ከፍላችሁ የምታሠሩ ከሆነ የቪዲዮዎቹን ስታቲስቲክስ ገጽ ጠይቁ፤ ተመልካቾች ከየትኛው አገርና ከተማ እንደሆኑ እዚያ ይታያል። ማሳየት ካልፈለገ ክፍያው ይቅር። ራሳችሁ የምትቀርጹት ከሆነ ዋጋውንና "ባሕር ዳር" የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ሰከንድ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ሩቅ ያለው ያልፋል፣ ቅርብ ያለው ይቆማል።

አሁን ወደ ዋናው ቁስል እንምጣ። ሦስቱም አገልግሎቶች በትክክል ቢሠሩ እንኳ የሚያመጡት ሰው የሚጠፋው ውስጥ መስመር ላይ ነው፤ ጥፋቱም የፌስቡክ ሳይሆን የሻጩ ነው። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚለው ልማድ ከሁሉ በላይ ይጎዳል። ሻጩ "ተፎካካሪ ዋጋዬን እንዳያይ" ይላል፤ ገዢው ግን ቅዳሜ ገበያ ወርዶ የነጠላውን ዋጋ በአሥር ደቂቃ ያውቀዋል። ዋጋ ተደብቆ የሚመጣው መልእክት ብዙ ነው፤ "ስንት ነው?" ይጠየቃል፣ መልስ ይሰጣል፣ ዝም ይባላል። ለሃምሳ ሰው ይህን መጻፍ የአንድ ማታ ጥናት ያሳጣል። ዋጋው ፖስቱ ላይ ሲወጣ መልእክቱ ይቀንሳል፤ የሚጽፈው ግን ዋጋውን አይቶ የመጣ ነው።

ፖስቱ ላይ አምስት ነገር መኖር አለበት፦ ዋጋ፣ መጠን ወይም ርዝመት፣ ስንት እንደቀረ፣ ዕቃው የሚገኝበት ሰፈር፣ የማድረሻ ዋጋ በሰፈር ተለይቶ። "ፔዳና ፖሊ በነጻ፣ ቀበሌ 16 እና ፓፒረስ አካባቢ 60 ብር፣ አባይ ማዶ 100 ብር" ተብሎ ቢጻፍ ግማሹ ጥያቄ አስቀድሞ ይመለሳል። ፎቶው ከሌላ ፔጅ የተወሰደ አይሁን። የነጠላ ጥለት በፎቶና በእጅ ሲለያይ ዕቃው ደጃፍ ላይ ይመለሳል፤ የባጃጁ ብር ደርሶ መልስ ይከፈላል፣ የአንድ ነጠላ ትርፍ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ጥዋት በመስኮት ብርሃን፣ ጥለቱ በቅርበት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው ለብሶት አንሱት።

ለጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ መመለስ ካልተቻለ ክፍል የምትገቡበትን ሰዓት ጻፉ፦ "ከ11 ሰዓት በኋላ እመልሳለሁ"። ጠዋት የጠየቀ ሰው ማታ መልስ ሲያገኝ ከሌላ ገዝቷል።

ክፍያ ላይ የሐሰት ስክሪንሾት እየበዛ ነው። የተላከላችሁን የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኝ ምስል አይታችሁ ዕቃ አታስረክቡ። ከ127 የሚመጣውን የቴሌብር መልእክት በራሳችሁ ስልክ ላይ ጠብቁ፣ ቀጥሎም ቀሪ ሒሳባችሁን አይታችሁ ገንዘቡ መግባቱን አረጋግጡ፤ 127 መስሎ ከሌላ ቁጥር የሚላክ ጽሑፍም ስላለ የላኪውን ቁጥር አንብቡ። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሰዓት ገዢው "ልኬያለሁ፣ ቆይቶ ይገባል" ካለ ዕቃው ይቆይ። እውነተኛ ገዢ ይህን ይረዳል።

ከየት እንደመጣ ለማወቅ ደግሞ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ለፌስቡክ "ጣና"፣ ለቲክቶክ "ዓባይ" የሚል ቃል ፖስቱ ላይ አስቀምጡ፤ ቃሉን የጠቀሰ 20 ብር ይቀነስለት። በአንድ ደብተር ላይ አምስት መደብ አስምሩ፦ ቀን፣ ከየት መጣ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ከፈለ፣ ተመለሰ። ሠላሳ መስመር ሲሞላ የትኛው በር ገዢ እንደሚያስገባ ያለ ክርክር ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየውም ይህ ነው፦ የከፈሉት ሰዎች ሻጩን ወይም የሻጩን ጓደኛ በስም የሚያውቁ ናቸው።

ስለዚህ ለተማሪ ሻጭ ከሁሉ የሚበልጠው አገልግሎት ማንም አስተዋውቆ የማይሸጠው፣ የራሱ ትንሽ ቻናል ነው። ቴሌግራም ቻናል ሲከፈት ከስልክ ማውጫ ላይ እስከ 200 ሰው በቀጥታ ማስገባት ይፈቅዳል። 200 የዶርም፣ የሴክሽን፣ የማኅበር፣ የሰፈር ሰው ከ40,000 የማይታወቅ አባል ይበልጣል፤ እምነት ስላለ ቀድሞ ለመክፈል አይፈራም፣ ለክፍል ጓደኛውም ፎርዋርድ ያደርጋል። አስቀድማችሁ ግን አስፈቅዱ፤ ሳይጠየቅ የገባ ሰው ወዲያው ይወጣል፣ ቅሬታም ይተርፋል። በሳምንት ሁለት ፖስት ይበቃል። የሴክሽን ግሩፕ ላይ በየቀኑ የሚለጥፍ ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት በተወካዩ ይባረራል፤ ግሩፑ የተከፈተው ለኖትና ለፈተና ቀን ነውና መብታቸው ነው። ይህ መንገድ በዝግታ ያድጋል፤ ከሚታወቀው ክበብ ሲወጣም ይቆማል። ቢሆንም ከ5 አራት እንሰጠዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ሽያጭ ጀምሮ መደረግ አለበት። የከፈለውን ሰው ስልክ ቁጥር፣ የገዛውን ዕቃና የሚወደውን ቀለም በዚያው ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ደንበኞቹ ውስጥ መስመር ላይ ብቻ የነበሩበት ሻጭ ፔጁን እንኳ መክፈት አልቻለም። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ደብተር ላለው ግን ተራ ጥሪ በሚሠራበት ቀን ሁሉ ሱቁ ክፍት ነው፤ ደውሎ "አዲስ ነጠላ ገብቷል፣ ባለፈው የጠየቅሽው አረንጓዴ ጥለት አለ፣ ማታ ፔዳ በር ላይ ላምጣልሽ?" ማለት ይችላል።